ድልድይም ጠባቂ ይሻል
(በሬዲዮ ከተነገረው የተጻፈ)

በሬዲዮ የተነገረው ይኸውና በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ቁጥር ስታገኙ ቆም በሉና ጮክ ብላችሁ ጥሩት። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቁጥርም ነውና።

በቁሐር ሚካኤል፣ በወረታና በመላው ፎገራ ያላችሁ ሁሉ ሁለት ድልድዮችን በደንብ ታውቃላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትመጡ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ ደግሞ የርብን ትሻገራላችሁ። እነዚህ ድልድዮች ባይኖሩ ክረምት በገባ ቁጥር ገበያውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ዘመድ አዝማዱም ከወዲያ ማዶ ይቀር ነበር።

ታዲያ ድልድይ ተሠርቶ ሲመረቅ ሥራው አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ድልድይ እንደ ከብት ነው፤ ጠባቂ ይሻል። ጠላቶቹም ሁለት ናቸው፦ አንዱ ነፋስ፣ ሁለተኛው ውሃ።

በመጀመሪያ ስለ ነፋስ እንናገር። በስኮትላንድ አገር ቴይ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ሰፊ ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1878 የባቡር ድልድይ ተሠራ። ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዘመኑ ሰው ሁሉ ያደነቀው ሥራ ነው። ነገር ግን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 ማታ፣ ብርቱ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ባቡር መንገደኞቹን ይዞ በላዩ ሲያልፍ የድልድዩ መካከል ተደርምሶ ባቡሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ከተሳፈሩት አንድም ሰው አልተረፈም።

ምክንያቱ ሲመረመር ምን ተገኘ? መሐንዲሱ የነፋሱን ጉልበት በሂሳቡ ውስጥ አላስገባውም ነበር። የብረቱ ሥራና አያያዙም ጉድለት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አዲስ ደንብ ወጣ። የባቡር ድልድይ የሚሠራ ሁሉ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 270 ኪሎ ግራም የሚደርስ የነፋስ ግፊት እንዲያስብ ታዘዘ። ይኸ ደንብ የወጣው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው።

ነፋስ አይታይም፤ ታዲያ እንዴት ይለካል? እ.ኤ.አ. በ1846 ሮቢንሰን የተባለ የአየርላንድ ሊቅ ቀላል መሣሪያ ሠራ። አራት ትንንሽ ጐድጓዳ ጽዋዎች በመስቀል ቅርጽ ተገጥመው በዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ። ነፋሱ ሲበረታ ጽዋዎቹ በፍጥነት ይዞራሉ። ዙሩ ሲቆጠር የነፋሱ ፍጥነት ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ በረታ እንጂ ምን አለበት» ማለት አያዋጣም።

ደካማ የሚመስል ነፋስም ይጐዳል። በአሜሪካ አገር ታኮማ በተባለ የባሕር ወሽመጥ ላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1940 ተሠርቶ ነበር። በተከፈተ በአራት ወሩ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1940፣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ነፋስ እንደ ጨርቅ ያወዛውዘው ጀመር። እየተጠማዘዘ ቆይቶ ተሰብሮ ወደቀ። ድልድዩ ቀጭን ስለ ነበር ከነፋሱ ጋር አብሮ ይወዛወዝ ነበር። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች የትልልቅ ድልድዮችን ትንሽ ምሳሌ ሠርተው አስቀድመው በነፋስ ይፈትኑ ጀመር።

ዛሬ በባሕር ላይ በተሠሩ ብዙ ድልድዮች የነፋስ መለኪያ ተተክሏል። ነፋሱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ በመጀመሪያ ከፍ ያሉ የጭነት መኪናዎች ይከለከላሉ፤ ነፋስ በቶሎ የሚገለብጠው እነሱን ነውና። ሲብስ መንገዱ ለሁሉም ይዘጋል።

እኛ ዘንድ ባሕር የለም ትሉ ይሆናል። ጣና ግን አለን። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የጣናን ወጀብ ያውቃል። በጣና ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በባሕር ዳር ተመርቋል።

የፎገራ ድልድዮች ዋነኛ ፈታኝ ግን ውሃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ይነሣሉ። በቁልቁለቱ አፈር ጠርገው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይዝላሉ፤ አፈሩንም እዚያው ይጥሉታል። የወንዙ ወለል ከፍ ይላል። ጣናም ሲሞላ ውሃው መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ ወንዙ ዳሩን ጥሶ ሜዳውን ያለብሳል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ሰብልና ከብትም ጠፋ።

ደራሽ ውሃ ድልድይን የሚጐዳው ከላይ በመግፋት ብቻ አይደለም። ከሥር የምሰሶውን አፈር ይቦረቡራል። ግንድና ቅርንጫፍ አምጥቶም መተላለፊያውን ይደፍናል። ከላይ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ድልድይ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሃው ይለካል።

ውሃን መለካት ጥንታዊ ሥራ ነው። በግብፅ አገር፣ በካይሮ፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የዓባይ መለኪያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በጕድጓድ መካከል የቆመ ምሰሶ ነው፤ በክንድ ልክ ምልክት ተደርጎበታል። ውሃው ወደ 16 ክንድ ሲደርስ አገሩ የጥጋብ ዘመን ሆነ ይል ነበር። ሲያንስ ረሃብ፣ እጅግ ሲያልፍ ጥፋት ነበር። ይለካ የነበረው ውሃ ደግሞ ከየት የሄደ ይመስላችኋል? በክረምት አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነበር። የርብና የጉማራ ውሃም በጣና በኩል አብሮ ይሄድ ነበር።

በእኛም አገር ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በርብ፣ በጉማራና በጣና የውሃው ከፍታ ሲለካ ኖሯል። መሣሪያው ቀላል ነው። ሜትርና ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ቀጥ ያለ ገበታ ውሃው ውስጥ ይተከላል። አንባቢው ጧትና ማታ ሄዶ ቁጥሩን ያያል፤ በመዝገብም ይጽፋል። የዝናቡንና የነፋሱን ነገር የሚከታተለው የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ደግሞ ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ ቀን የተጻፈ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የትናንቱ 2 ሜትር፣ የዛሬው 3 ሜትር ከሆነ ግን «ውሃው እየመጣ ነው፤ ከብታችሁን አውጡ» ይላል። የሠላሳ ዓመቱ መዝገብ ሲደመር ደግሞ መሐንዲሱ ድልድዩን ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ያልተጻፈ ነገር ከሰው ጋር ይሞታል፤ የተጻፈ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? በድልድዩ ሥር ግንድ ተከማችቶ ብታዩ፣ በምሰሶው ዙሪያ አፈሩ ተቦርቡሮ ብታዩ ለቀበሌው ንገሩ። የመለኪያውን ገበታ ልጆች እንዳይነቅሉት ጠብቁ። ውሃ በላዩ የሚሄድበትን መንገድ አትድፈሩ። ፈጣን ውሃ ጉልበት ሳይደርስ ብርቱ ሰው ይጥላል።

ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥርም ለይታችኋል። ከእንግዲህ በገበታው ላይ ያለው ቁጥር ለእናንተም ይናገራል። ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የቴይ ድልድይ ለምን ወደቀ?
2. የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?
3. በአካባቢያችሁ ያለው ድልድይ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሄዳችሁ አይታችሁ ጻፉ።