የሞተሩ ጉልበትና የሻሲው ወገብ

በተሽከርካሪ ታሪክ ውስጥ የሞተር ስም ዘወትር ሲነሣ ይኖራል፤ ሻሲ ግን የሚታወሰው ሲሰነጠቅ ብቻ ነው። አንድ ፒክአፕ ሲሸጥም ሆነ ሲወደስ አስቀድሞ የሚነገረው የፈረስ ጉልበቱ ነው። ይህ ጉልበት ከሞተሩ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸው ብረቶች፣ ብሎኖችና ባሌስትራዎች ከቀለሙ ሥር ተሸፍነው ይቀራሉ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ፒክአፕ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ ከሞተሩ ታሪክ ይልቅ ሞተሩ ላይ ለመድረስ ሲጣጣር የኖረው የሻሲ ታሪክ ለባለሙያው የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ሲጀመር ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። የፎርድ ኩባንያ በ1917 ሞዴል ቲቲ የተባለውን የአንድ ቶን የጭነት መኪና ሲያወጣ ሞተሩን አልለወጠውም፤ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው የሞዴል ቲ ሞተር እንዳለ ተወሰደ። የተለወጠው ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ክፍል ነው። ሻሲው ጠነከረ፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከ2.54 ሜትር ወደ 3.15 ሜትር ረዘመ፤ የኋላው አክስልም ለከባድ ጭነት በሚስማማ ተተካ። በ1925 ኩባንያው ከፋብሪካ የተሟላ የጭነት ሣጥን የተገጠመለትን የሞዴል ቲ ፒክአፕ በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበ። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች በመጀመሪያ ያሰቡት ለጭነቱ ነበር ማለት ነው፤ ፍጥነት ገና ጥያቄ አልሆነም።

በዚህ አስተሳሰብ የተቀረጸው ሻሲ መሰላል ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ተሸካሚ ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው አግዳሚዎች በሪቬት ይያያዛሉ። ተሸካሚዎቹ በአንድ ጎናቸው ክፍት የሆኑ፣ የቦይ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ናቸው። ይህ አሠራር ለመጠምዘዝ እጅግ ቀላል ነው። ለገበሬው መንገድ ግን ይህ ቀላልነት እንደ ጉድለት የሚቈጠር አልነበረም። አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሻሲው በመጠኑ ይተጣጠፋል፣ አራቱም ጎማዎች መሬት እንደ ረገጡ ይቀራሉ፣ ሪቬቶቹም ሳይሰነጠቁ ትንሽ ይለግማሉ። የ20 እና የ30 ፈረስ ሞተር ይህን ሻሲ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አልነበረም።

ሚዛኑ የተናጋው ሞተሩ ከሻሲው ቀድሞ መገስገስ በጀመረ ጊዜ ነው። ፎርድ በ1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1948 በኤፍ 1 ፒክአፕ የተገጠመው 100 ደረሰ፤ በ1954 በኤፍ 100 የተተካው አዲስ ሞተር ደግሞ 130 ሆነ። በ1955 ሸቭሮሌ 4.3 ሊትር የሚይዘውን ትንሹን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሲያወጣ ርካሽ፣ ቀላልና ኃይለኛ ሞተር በየጋራዡ ተገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ ሆት ሮድ በሚል ስም የተስፋፋው የጋራዥ ሙያ ይህን ሞተር በአሮጌ ፒክአፕ ላይ መጫንን የተለመደ ሥራ አደረገው። ሞተሩ በአንድ ሳምንት ሥራ ይለወጥ ነበር፤ ሻሲው ግን ያው የአያቱ ሻሲ ነበር።

የጉዳዩን ክብደት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በ1947 የሸቭሮሌ ፒክአፕ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የሚሰጠው ጠምዛዥ ኃይል 235 ኒውተን ሜትር ያህል ነበር። በእሱ ቦታ 600 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር ይገባል እንበል። የመጀመሪያው ማርሽ 2.5 ጊዜ ቢያበዛው ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ 1500 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይኸው ኃይል በሞተሩ መቀመጫዎች በኩል ተመልሶ ሻሲውን እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዝዘዋል። የኋላው ዲፈረንሻል ደግሞ በ3.73 ሲያበዛው በአክስሉ ላይ 5600 ኒውተን ሜትር ገደማ ያርፋል። ለጭነት ክብደት የተሠራው ሻሲ እነሆ ታስቦበት ለማያውቅ የመጠምዘዝ ፈተና ተጋለጠ።

ለዚህ የተገኘው የመጀመሪያው መፍትሔ የቦዩን ክፍት ጎን በብረት ሳህን በይዶ ሣጥን ማድረግ ነው። ከፍታው 150፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ክፍት ቦይ ተወስዶ አራተኛው ጎኑ በእኩል ውፍረት ቢዘጋ ብረቱ ለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ በሲሶ ያህል ብቻ ይጨምራል። ለመጠምዘዝ ያለው ጥንካሬ ግን ከ400 እጥፍ በላይ ያድጋል። ይህ የአንዱ ብረት ለብቻው ስሌት ነው፤ የሙሉው ሻሲ ጥንካሬ በአግዳሚዎቹና በመጋጠሚያዎቹም ስለሚወሰን ጭማሪው በዚያው ልክ አይሆንም። ያም ሆኖ ቅርጹ በመዘጋቱ የሚመጣው ለውጥ የመካኒክስ ትምህርት ከሚሰጣቸው ድንቅ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

የብየዳው ሥራ ግን ስሌቱን ሊያፈርሰው ይችላል። ሻሲው በተስተካከለ መደብ ላይ ሳይታሰርና ልኩ ሳይረጋገጥ ከተበየደ ሙቀቱ ያጣምመዋል። ስለሆነም ብየዳው በአጫጭር መስመር፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚሠራ ሆነ። የሚጨመረው ሳህን ጫፍ ቀጥ ብሎ ከተቈረጠ ሁሉም ጭንቀት በዚያ መስመር ላይ ስለሚከማች ጫፉን በሰያፍ መቍረጥ ተለመደ። ቀዳዳ ሲያስፈልግም ጭንቀቱ ከሚበረታባቸው ከላይና ከታች ከንፈሮች ተርቆ በቋሚው ገጽ መካከል ይበሳል። ከሁሉ በላይ ግን የተጠናከረው ክፍል ስንጥቁን አያጠፋውም፤ ወደ ጎረቤቱ ያሻግረዋል። የሻሲው መካከል ጠንክሮ ጫፎቹ እንዳሉ ከቀሩ፣ ጠንካራው ከደካማው የሚገናኝበት ቦታ ቀጣዩ መሰበሪያ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የኋላው ባሌስትራ ነው። አክስሉ ጎማዎቹን ወደፊት ሲያዞር ራሱ ወደ ኋላ ለመዞር ይገፋል። በዚህ ጊዜ ባሌስትራው እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ተመልሶም ይፈነጠራል፤ ጎማውም መሬቱን በመያዝ ፈንታ ይዘላል። ዶጅ በ1964 ለዲ 100 ፒክአፕ 7 ሊትር የሚይዝ 365 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በምርጫ ባቀረበ ጊዜ የአክስሉን መዞር የሚገቱ ደጋፊ ዘንጎችን አብሮ መግጠሙ ፋብሪካውም ይህን ችግር እንደ ተረዳ ያመለክታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ምዕራፍ ግን የሸቭሮሌ ነው። ኩባንያው በ1960 ባወጣው የሲ 10 ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራውን በጥቅል ሞላ ተክቶ አክስሉን በሁለት ረጃጅም ክንዶች ከሻሲው መካከል ጋር አያያዘው። ክንዶቹ ሁለት ቦዮች ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው የተሠሩ ናቸው። የአክስሉን መዞር አጥብቀው ይከላከላሉ፤ አክስሉ ወደ ጎን ሲያዘነብል ግን ራሳቸው እየተጠመዘዙ ይለቁለታል። ይህ ለጭነት የታሰበ አሠራር በ1960ዎቹ በናስካር የመኪና ውድድር ተወስዶ በከፍተኛው ምድብ እስከ 2021 ድረስ አገለገለ። እነዚህን ክንዶች ሣጥን አድርጎ ማጠንከር አክስሉን ያንቀዋል። ስለዚህ ማጠናከር ማለት ሁሉንም ማደንደን አይደለም፤ የቱ መጠንከር፣ የቱ መለጠጥ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ነው።

የፊቱ ክፍልም የራሱ ጥያቄ ነበረው። የጥንቱ ወጥ የፊት አክስል ለከባድ ጭነት የታመነ ቢሆንም በከፍተኛ ፍጥነት መሪውን ያንቀጠቅጣል። በመሆኑም ብዙ ጋራዦች ከ1974 እስከ 1978 የተሠራውን የሁለተኛውን ሙስታንግ የፊት ሱስፔንሽን በአሮጌው ኤፍ 100 ላይ መግጠም ያዙ። ይህ ክፍል የተቀረጸው ለትንሽና ቀላል የቤት መኪና ስለነበረ፣ በከባድ ሞተር ሥር ሲገባ ክንዶቹ፣ ሞላዎቹና የዲስክ ፍሬኖቹ በጠንካራ መለዋወጫዎች ካልተተኩ አንዱን ድክመት በሌላ መለወጥ ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም፤ የፍጥነት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ መኪና ለመቆም አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል።

ፋብሪካዎቹም በኋላ ዘመን በዚሁ ጎዳና ተጓዙ። ጂኤምሲ በ1991 ያወጣው ሳይክሎን 280 የፈረስ ጉልበት ይዞ የተፈቀደለት ጭነት 227 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። ዶጅ በ2004 ራም ኤስአርቲ 10ን በ500 የፈረስ ጉልበት ለገበያ አወጣ። በዚያው የምርት ዓመት አዲሱ የፎርድ ኤፍ 150 ሻሲ ከፊት እስከ ኋላ ሣጥን መሰል ሆነ፤ በጋራዥ ወለል ላይ በብየዳ ሲሠራ የኖረው ማጠናከሪያ የፋብሪካ መደበኛ አሠራር ሆኖ ተመለሰ።

የሳይክሎን ምሳሌ ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባ ዋጋ ያሳያል፤ ጉልበቱ ሲበዛ ፒክአፑ የተፈጠረበት ጭነት ተቀነሰ። የ1917 መሐንዲሶች ሞተሩን ሳይነኩ ሻሲውን ያጠነከሩት መኪናው ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ አስቀድመው ስለወሰኑ ነው። ዛሬም አሮጌ ፒክአፕ ተከፍቶ አዲስ ሞተር ከመንጠልጠሉ በፊት ይኸው ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ከዚያም ኃይሉ ከሞተሩ መቀመጫ አንሥቶ ጎማው መሬት እስከሚነካበት ድረስ በየመጋጠሚያው መከተል ይገባል። በዚህ ጉዞ አንድ ብሎን ቢዘለል ስሕተቱን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለው ሹፌር ነው።