ሜይታንሲን

ሜይታንሲን የቱቡሊን ፕሮቲኖች ተያይዘው ማይክሮቲዩብል የተባለውን፣ ለሕዋስ ቅርጽና ክፍፍል የሚያስፈልግ ቀጭን ቱቦ እንዳይሠሩ የሚያግድ የተፈጥሮ ውሁድ ነው። ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ለይተው ማውጣታቸውን በ1972 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ፤ በኋላ ኬንያ ውስጥ ከሺምባ ኮረብቶች የተገኘ የቁጥቋጦው ዘመድ ለምርምር ተለቅሟል።

በእንስሳት ሕዋስ የቱቦው ግንባታ በአብዛኛው የሚጀምረው ጋማ ቱቡሊን ከአጋር ፕሮቲኖች ጋር በሚሠራው ቀለበት ላይ ነው፤ ከዚያ አልፋና ቤታ ቱቡሊን በጥንድ በጥንድ ይቀጠላሉ። ሜይታንሲን በቤታ ቱቡሊን ላይ ተጣብቆ ቀጣዩ ጥንድ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል፤ ሕዋሱም ክፍፍሉን ሳይፈጽም ይቆማል። መርዛማነቱ ብቻውን መድኃኒት እንዳይሆን አግዶታል። ተዋጽኦው ግን ትራስቱዙማብ ከተባለው ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ፣ ኸር2 ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።