የታየውና የተሞላው
የገዳሪፍና የመተማ ወሰን ምድር በካርታና በኮምፒዩተር ሥዕል

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ጨርሶ ቆላውን ከያዘ በኋላ መተማ ይደርሳል። ከመተማ ማዶ ጋላባት አለ፤ ከጋላባት ወዲያ ሜዳው ተዘርግቶ እስከ ገዳሪፍ ይዘልቃል። አፈሩ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል። እኛ ጓንግ የምንለውን ወንዝ የማዶ ሰዎች አትባራ ይሉታል፤ ተከዜንም ሰቲት ብለው ይጠሩታል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚሁ በመተማ ምድር ነው።

ይህን ምድር ሰው ከመቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ ዘዴ ሲስለው ኖሯል። መጀመሪያ በቀይ ቀለም፣ ቀጥሎ በመለኪያ መነጽር፣ ከዚያም ከሰማይ በሚመለከት ሳተላይት ሣለው፤ በዘመናችን ደግሞ ሥዕሉን ራሱ በሚያነብና የጎደለውን ራሱ በሚሞላ ኮምፒዩተር ይስለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን በአጭሩ ተርኮ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ይኸውም በሥዕሉ ውስጥ በእውነት የታየው የትኛው ነው፣ ሳይታይ በግምት የተሞላውስ የትኛው ነው የሚል ነው። ዓ.ም. የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር፣ የቀሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ 2ኛና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሐሪንግተን በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ከውሉ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ በቀይ መስመር መመልከቱን ይናገራል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ መስመሩ በምድር ላይ ምልክት የሚደረግለት ሁለቱ መንግሥታት በሚሾሙት የጋራ ኮሚሽን እንዲሆን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በ1903 ምልክቱን ያቆመው የእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ሻለቃ ቻርልስ ግዊን ሲሆን የኢትዮጵያ ወኪል ከጎኑ አልነበረም።

ግዊን ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከውሉ አስቀድሞም የወሰኑን አገር እየዞረ ቀይሷል። ነገር ግን ማንም ቀያሽ ሁሉን አያይም። ከኮረብታ ላይ ቆሞ ሩቅ ያለውን ጫፍ በመነጽር ይለካል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን በመስመር ያገናኛል። የለካቸው ነጥቦች የታዩ ናቸው፤ በመካከል የተሳበው መስመር ግን የተሞላ ነው። መስመሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ግን የታየውና የተሞላው አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚለው የአገራችን ሰው፣ ወሰንተኛው ባልቆመበት የተጣለ ቀላድ ክርክር እንደሚወልድ ከጥንት ያውቃል። በአትባራ፣ በሰቲትና እኛ አንገረብ በምንለው ወንዝ መካከል ስላለው ስለ ፋሻጋ ለም መሬት የተነሣው ረጅም ክርክር መነሻው እዚህ ላይ ነው።

ካርታው በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ምድሩ ራሱ መልኩን ለወጠ። በ1944 እና በ1945 የሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ለጦር ሠራዊት የሚሆን ማሽላ ለማምረት በገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር ማሳረስ ጀመረ። ከጦርነቱም በኋላ ባለሀብቶች ገቡበት፤ ግራሩና ቁጥቋጦው እየተመነጠረ ማሳው ሰፋ። አንድ ሰው በቅሎ ጭኖ ሊዞረውና ሊመዘግበው የማይችል ስፋት ያለው እርሻ ተፈጠረ።

ሰፊ አገር በእጅ ስሎ መጨረስ እንደማይቻል በዚያው ዘመን የተረዱ ሌሎችም ነበሩ። በ1960 ገደማ ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ በካናዳ የሚሠራ የመልክዐ ምድር ሊቅ በኬንያ ለደን ተክል የሚስማማ ቦታ እንዲመርጥ ሥራ ቀረበለት። ብዙ ካርታ በእጅ እያነባበሩ ማወዳደር ከአቅም በላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኘው ካርታውን በቍጥር ለውጦ ለኮምፒዩተር መስጠት አይቻልምን ብሎ አሰበ። ከዚህ አሳብ የካናዳ የመልክዐ ምድር መረጃ ሥርዓት ተወለደ። በ1963 ደግሞ አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስኬችፓድ የተባለውን ሥራውን አቅርቦ ሰው በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር መስታወት ላይ መሣል እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ የኮምፒዩተር ካርታ ታሪክ አንደኛው ሥሩ የተተከለው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ችግር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 1964 ዓ.ም. ለዚህ ታሪክ ትልቅ ወር ነው። በዚያ ወር የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት በአዲስ አበባ ደብዳቤ ተለዋውጠው የግዊንን መስመር ለወሰኑ መሠረት አድርገው ተቀበሉ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን፣ ይኸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 80 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለው ሳተላይት ከአሜሪካ ተተኰሰ። ሁለቱ ነገሮች ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። ሆኖም በወረቀት ላይ የቆየው አሮጌ መስመር ሲጸድቅ ምድሩን በየ18 ቀኑ እየተመለሰ የሚያይ አዲስ ዓይን በሰማይ መውጣቱ ያስደንቃል።

ይህ ዓይን የሚያየው እንደ ሰው ዓይን አይደለም። ምድሩን በትናንሽ አራት ማዕዘን ሕዋሶች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ፒክስል ይባላል። ለእያንዳንዱም የመለሰውን ብርሃን በቍጥር ይመዘግባል፤ ሰው የማያየውንም ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ይለካል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ይህን ስውር ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ በሁለቱ ቍጥሮች ልዩነት ልምላሜ ከደረቅ ምድር ይለያል። የላንድሳት 1 ፒክስል ወደ 80 ሜትር በ80 ሜትር ነበር። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው ብንል በዚያ ሥዕል ላይ 62 ነጥብ ብቻ ይሆናል። በ1982 በተነሣው በላንድሳት 4 ፒክስሉ ወደ 30 ሜትር ወርዶ ጋሻው ከ440 ነጥብ በላይ ሆነ፤ በ2015 በተነሣው የአውሮፓ ሳተላይት በሴንቲነል 2 ደግሞ ፒክስሉ 10 ሜትር በመሆኑ 4,000 ነጥብ ደረሰ። እነዚህን ሥዕሎች በዘመን ቅደም ተከተል ደርድሮ ለሚመለከት ሰው የገዳሪፍ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ማሳዎች ደኑን ሲተኩ፣ በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድብ ውሃም ሸለቆውን ሲሞላ ይታየዋል።

ነገር ግን ዓይኑ ሁሉን አላየም። ግንቦት 31 ቀን 2003 የላንድሳት 7 አንድ መሣሪያ ተበላሽቶ ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ወደ 22 ከመቶ የሚሆነው እንደ ጥቁር ሽንትር ባዶ ሆኖ ቀረ። ሊቃውንት ባዶውን ከሌላ ቀን ሥዕል በተወሰደ ወይም ከጎረቤት ፒክስል በተሰላ ቍጥር መሙላትን ተማሩ። በእኛ ቆላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ማሽላው በሚያድግበት በክረምት ደመናው ሜዳውን ይሸፍናል። በዚህም ጊዜ ከደመናው በፊትና በኋላ በታየው መካከል ያለው በስሌት ይሞላል። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ተሞልቶ ሲያበቃ ባዶ የነበረው ቦታ ከታየው ቦታ በመልክ አይለይም። የግዊን መስመር ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት የተደረገው ምርምር ይህን ነገር እጅግ አራቀው። በ2015 በጀርመን በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ሥዕል ተብሎ የተሠራው ዩኔት የተባለው ዘዴ ሴልን ከሴል እንደሚለይ ሁሉ ማሳን ከማሳ ለመለየት ዋለ። በ2023 ሜታ የተባለው ኩባንያ በ11 ሚሊዮን ሥዕሎች የተማረና ማንኛውንም ነገር ከዙሪያው ለይቶ የሚያወጣ ሥራ አቀረበ። ሌሎችም ደብዛዛውን የሳተላይት ሥዕል የሚያጠሩ ዘዴዎችን አወጡ። የነዚህ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደብዛዛና ጥሩ የሆኑ ሥዕሎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በብዛት ካጠና በኋላ፣ አዲስ ደብዛዛ ሥዕል ሲሰጠው ከዚህ በፊት ካየው የሚመስለውን ዝርዝር ጨምሮ ይሥላል። የጨመረው ዝርዝር ሊሆን የሚችል እንጂ የታየ አይደለም።

እዚህ ላይ መምህር ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ለእነዚህ ዘዴዎች ማስተማሪያ ከሆኑት የማሳ ሥዕሎች ብዙዎቹ ከአውሮፓ የተወሰዱ ናቸው። በዚያ አገር ማሳው በአጥርና በመንገድ ተከብቦ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በመተማና በፋሻጋ ግን ያንድ ገበሬ ማሳ ከሌላው የሚለየው በቀጭን ድንበር ወይም በአንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ማሽላውና የጦም አዳሪው ሣርም በአንድ ክረምት አብረው ይለመልማሉ። በሌላ አገር ማሳ የተማረ መሣሪያ በዚህ ምድር ላይ ያገሩን ሰው የማያውቀውን መስመር አጥርቶ ሊሥል ይችላል። መስመር ደም ባፈሰሰበት አገር ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

በ2020 የሆነውን እናስታውስ። በኅዳር ወር በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወር ሳይሞላ ከ40,000 በላይ ሰዎች ተከዜን እየተሻገሩ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በታኅሣሥ የሱዳን ጦር ወደ ፋሻጋ ገብቶ በዚያ ያርሱ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ተፈናቀሉ። በዚህ ዘመን ከግማሽ ሜትር ያነሰውን ነገር የሚያሳዩ የንግድ ሳተላይቶች ስላሉ ድንኳኑን አንድ በአንድ መቍጠር ተችሏል። ሆኖም ድንኳን መቍጠር ሰው መቍጠር አይደለም፤ የታረሰ መሬት ማየትም ያረሰውን ሰው ማወቅ አይደለም። ማሳው ታርሷል ብሎ ሥዕል ይመሰክራል፤ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም።

ኡም ራኩባ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ስም አልነበረም። በ1984 ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ብዙ ወገኖቻችን በዚያው ቦታ ሰፍረው ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ከጎንደርና ከትግራይ የወጡ ቤተ እስራኤላውያንም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩት አልቀዋል። በዚያው ዓመት የተተኰሰው ላንድሳት 5 በዚያ ምድር ላይ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ፒክስሉ 30 ሜትር ነበርና አንድ ጎጆ በውስጡ አይለይም፤ አንድ መቃብርማ ጨርሶ አይታሰብም። ያን ዘመን ያቆየልን ሥዕል ሳይሆን የተረፉት ሰዎች ትዝታ ነው። ስለዚህ በሥዕል ውስጥ አለመታየት አለመኖር አይደለም።

አገራችን በበኩሏ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን ወደ 70 ኪሎ የምትመዝን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና አስተኵሳለች። ፒክስሏ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ሥዕሏን ይቀበል የነበረው ጣቢያ በእንጦጦ ነበር። በምኒልክ ዘመን ካርታውን የሣለው ሌላ፣ የፈረመው ሌላ ነበር። ዛሬ ግን ሥዕሉን ያነሣነው እኛው ስንሆን አንባቢ ካላፈራን ትርጓሜውን እንደገና ከሌላ እንለምናለን።

አንባቢ የሚፈራው በትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማንኛውም የካርታ ወይም የሳተላይት ሥዕል በሰሌዳ ላይ ሲሰቀል ተማሪው አራት ነገር እንዲጠይቅ ማልመድ ይበቃል። ይህ ሥዕል የታየው መቼ ነው? አንዱ ነጥብ በምድር ላይ ስንት ሜትር ነው? ከዚህ ውስጥ የተሞላው የቱ ነው? ሲሳልስ በስፍራው ማን ቆሞ ነበር? ከዚያም መምህሩ የትምህርት ቤቱን ግቢ በወረቀት ያሥለውና ወጥቶ በገመድ እንዲለካው ያድርግ። በወረቀቱና በገመዱ መካከል ያለውን ልዩነት በእጁ የያዘ ልጅ፣ አንድ ቀን በመተማም ይሁን በገዳሪፍ የወሰን ካርታ በፊቱ ሲዘረጋ ከመፈረሙ በፊት ምድሩን ለማየት ይነሣል።