የአሮጌ ወታደራዊ የጭነት ተሽከርካሪ ሻንሲና ባሌስትራ እድሳት

በሕዝብ ዘንድ «ኦራል» በመባል የሚታወቀው ኡራል በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ የገባ ወታደራዊ የጭነት ተሽከርካሪ ነው። ወለጋ ከዋና ዋና ተቀባይ አካባቢዎች አንዱ በነበረበት የ1977 ዓ.ም. የሰፈራ ፕሮግራም የሶቭየት ተሽከርካሪዎች ሰፋሪዎችን አጓጉዘዋል። ከውትድርና አገልግሎት የወጣ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ዳግም ጭነት ከመጫኑ በፊት ሻንሲውና ባሌስትራው በጥንቃቄ ሊታደሱ ይገባል። በቡርቃ ጃቶና በሌሎች የነቀምቴ አካባቢዎች ረጅሙ ክረምትና ቀይ ጭቃው ዝገትን ያፋጥናሉ። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ የዓባይን ሸለቆ ስለሚያቋርጥም፣ በቁልቁለት ላይ የሚሰበር ባሌስትራ ለሕይወት አደጋ ነው።

አሠራሩ

የኡራል 4320 ሻንሲ በሪቬት በተያያዙ ሁለት ቁመታዊና በርካታ አግድም ብረቶች የተሠራ ነው። የፊት አክስሉ በሁለት ባሌስትራዎችና በአሞርዛተሮች ይደገፋል። ሁለቱ የኋላ አክስሎች ሁለት ባሌስትራዎችን ይጋራሉ፤ የግፊትና የፍሬን ኃይልን የሚሸከሙት ግን ባሌስትራዎቹ ሳይሆኑ አክስሎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ናቸው።

ምርመራ

ተሽከርካሪው ጭነቱ ተራግፎ፣ ታጥቦና ደልዳላ ስፍራ ላይ ቆሞ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መሥራት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። በሻንሲው ላይ በተመሳሳይ ነጥቦች መካከል ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች ይለካሉ፤ ልዩነት ካላቸው ሻንሲው ተጣሟል ማለት ነው። ስንጥቅ በአብዛኛው የሚገኘው በባሌስትራ መያዣዎችና በሪቬት ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው። በሪቬት ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄት መላላቱን ያመለክታል።

እድሳት

ስንጥቅ ከመበየዱ በፊት ጫፉ ይበሳል፤ ይህ ካልሆነ ስንጥቁ ከብየዳው አልፎ ይቀጥላል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ገመድ ይነቀላል። የላላ ሪቬት በአዲስ ሪቬት ወይም ቀዳዳውን አጥብቆ በሚሞላ ጠንካራ ብሎን ይተካል። የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል አይበየድም፤ ሙቀቱ የብረቱን የመለጠጥ ጠባይ ያጠፋዋልና። የታመቀ ባሌስትራ ሲፈታ በድንገት ስለሚፈናጠር በማሰሪያ መያዝ አለበት። ቅጠሎቹ ከዝገት ከጸዱ በኋላ የግራፋይት ግራሶ ይቀባሉ፤ ሻንሲውም አንቲ ረስት ከተቀባ በኋላ ቀለም ይቀባል። የባሌስትራው ማሰሪያ ዳዶዎች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ተሽከርካሪው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም ዳግም ይጠበቃሉ።

ከመጠን በላይ ለመጫን ቅጠል መጨመር ችግሩን ከባሌስትራው ወደ ሻንሲው ከማዛወር በቀር ጥቅም የለውም።

ምዝገባና ምርመራ

ተሽከርካሪ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ስለሆነም ቁጥሩ የተቀረጸበት ክፍል በብየዳ፣ በመሞረድ ወይም በቀለም እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ማድረግ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ክፍሉ በዝገት ከተጎዳ ሥራው ሳይጀመር ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል። በሕግ የተደነገገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ለታደሰ ተሽከርካሪም የሚቀር አይደለም።