ከባዝራ ሽንት እስከ 26 በመቶ፦ የማረጥ መድኃኒት ታሪክ

ፕሬማሪን የሚባል ክኒን አለ። ስሙ የተገጣጠመው «የእርጉዝ ባዝራ ሽንት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ቁርጥራጭ ነው። ቀልድ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ኢስትሮጅን የሚጣራው በእርግጥም ካረገዙ ባዝራዎች ሽንት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1942 ሲፈቀድ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈለገው ለአንድ ግልጽ ጉዳይ ነበር፦ በማረጥ ዕድሜ ላይ ያለችን ሴት ከድንገተኛ ሙቀት፣ ከላብና ከእንቅልፍ እጦት ለማሳረፍ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት 60 ዓመታት ይህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተረሳ። መጀመሪያ በተስፋ፣ ቀጥሎ በፍርሃት።

እኛ ዘንድ «ማረጥ» ጮክ ተብሎ የሚነገር ቃል አይደለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ወይ ከሣራ ታሪክ ነው፣ ወይ ከእናቶች ሹክሹክታ። ስለዚህ ከታሪኩ በፊት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ላስቀድም። በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የወር አበባ ይቆማል፤ 12 ወር ሙሉ ካልመጣ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ኢስትሮጅን ቀስ በቀስ፣ በሥርዓት አይቀንስም። እንደ ሰፈራችን መብራት ነው፤ አንዴ በኃይል ይመጣል፣ አንዴ ድርግም ይላል። «የሆርሞን ሚዛን» የሚሉትን ነገር በአንድ ቀን የደም ምርመራ መያዝ የሚከብደው ለዚህ ነው። አንጎል ውስጥ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። ኢስትሮጅን ሲጎድል ይህ ክፍል ትንሿን የሙቀት ለውጥ እንደ ቃጠሎ ይቆጥራታል፤ የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ላብ ያወርዳል። ሴቲቱ በብርድ ሌሊት ተነስታ መስኮት የምትከፍተው አመል ሆኖባት አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚና ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት፣ ሳይመካከሩ፣ የመጀመሪያውን ኢስትሮጅን ከእርጉዝ ሴቶች ሽንት ነጥለው አወጡ። ፕሬማሪን የተወለደው ከዚህ ግኝት ነው። በ1966 ደግሞ ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የማህፀን ሐኪም «ለዘላለም ሴት» እንደ ማለት ያለ ርዕስ የሰጠው መጽሐፍ አወጣ። በእሱ አባባል ማረጥ የዕድሜ ምዕራፍ ሳይሆን የኢስትሮጅን እጥረት በሽታ ነው፤ ክኒኑን የዋጠች ሴት ውበቷም ሴትነቷም አይከዳትም። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። የገዛ ልጁ ከዓመታት በኋላ የመጽሐፉን ወጪ የሸፈነው የመድኃኒቱ አምራች እንደነበር ለጋዜጣ ተናግሯል። እንግዲህ የመጀመሪያው መርሳት ይሄ ነው፦ «እንቅልፍ አጣሁ» ያለችው ሴት «እንዳታረጂ» የሚል መልስ ተሰጣት።

በ1975 ሁለት ጥናቶች ወጡ። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ ካንሰር ዕድል በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። ሽያጩ ወረደ። መፍትሔ ግን ተገኘ፤ ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅኑ ላይ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን መጨመር። ክኒኑ ተመለሰ። ቆየት ብሎ ሐኪሞች ልብን ይጠብቃል ብለው ጤነኛ አሮጊቶችን ሳይቀር ያስውጡት ጀመር።

ይህ እምነት እውነት ይሁን አይሁን የሚፈትን ትልቅ ጥናት በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ በሚፈትነው ክፍል 16,608 ሴቶች ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79፣ አማካዩ 63 ዓመት። በሐምሌ 2002 ይህ ክፍል ከጊዜው በፊት ቆመ። የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨምሯል ተባለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ ሴቶች ክኒናቸውን ጣሉ፣ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

የ26 በመቶ የምን? እኔን የሚቆጨኝ ይህ ጥያቄ ያኔ ጎልቶ አለመሰማቱ ነው። ሆርሞኑን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች በዓመት 30ዎቹ የጡት ካንሰር ያዛቸው፤ ከወሰዱት 38ቱ። ልዩነቱ 8 ሴት ነው። 8 ሴት ቀላል አይደለም፤ የደም መርጋትና ስትሮክም ጨምረዋል። የአጥንት ስብራት ግን ቀንሷል። ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት፣ ማህፀናቸው የወጣላቸው ሴቶች ክፍል በ2004 ሲቆም ደግሞ የጡት ካንሰር ጭማሪ አልታየበትም። ከሁሉም በላይ ጥናቱ የጠየቀው «ለልብ ይበጃል ወይ?» ብሎ እንጂ «የ50 ዓመቷን ሴት ከሌሊት ላብ ያሳርፋል ወይ?» ብሎ አልነበረም። ለ63 ዓመቷ የተሰጠው መልስ ለ50 ዓመቷ ተነበበ። ሁለተኛው መርሳት ይሄ ነው።

ቁጥሮቹ በዕድሜ ተለይተው እንደገና ሲታዩ ነገሩ ጠራ። ዛሬ የማረጥ ሐኪሞች የሚስማሙበት ይህ ነው፦ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ምልክቶቹ ላስቸገሯት ጤነኛ ሴት የሆርሞኑ ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መፍሰስ ላለባት ግን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ጫጫታ ሲሆን አሪዞና ውስጥ ናኦሚ ራንስ የተባለች ተመራማሪ የሙቀቱን ምንጭ ራሱን ትፈልግ ነበር። ባረጡ ሴቶች ሃይፖታላመስ ውስጥ ያበጡ የነርቭ ሴሎች አገኘች። ከዚህ መስመር የመጣው ፌዞሊኔታንት የተባለ ክኒን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሆርሞን የለበትም፤ የሚሠራው እነዚያን ሴሎች የሚቀሰቅሰውን መልእክት በመዝጋት ነው። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ይጠይቃል እንጂ የተሠራው በ1942 ለነበረው ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ላጣችው ሴት።

እናቶቻችንና አክስቶቻችን አሁን እዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ «ሆርሞን ካንሰር ነው» ሲባል ሰምተው ዝም ብለዋል፤ አንዳንዶቹ «ሚዛን ያስተካክላል» የተባለ ዱቄት እየገዙ ነው። «ለምን ሐኪም አትጠይቂም?» ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሙም ቁጥር ከጠራ፣ «ከስንት ሴት ስንቷ? በስንት ዓመቷ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።