ዲስኩ የእኔ፣ ቁልፉ የማን?

«ኮፒ» የምትባል ቃል ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን ባንድ ጅራፍ ትገርፋለች። አንደኛው በገንዘቡ የገዛው ፊልም እንዳይጫርበት ኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጦ፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ሌላው የሰው ላብ በመቶ አባዝቶ መንገድ ዳር የሚቸበችብ ነው። ሁለቱም «ኮፒ አደረጉ» ነው የሚባሉት። ይህ የቃል ድህነት የእኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ግን የሆሊዉድ ኩባንያዎችም፣ ጠበቆችም፣ ዳኞችም ለዓመታት የታመሱበት ጉዳይ ነው። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹን ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቡ የተጀመረው ከዲስክ በፊት፣ በካሴት ዘመን ነው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የተባለ የቪዲዮ መቅረጫ ለገበያ ሲያወጣ ሰዉ ሥራ ላይ እያለ የሚያመልጠውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ ማታ ማየት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ከሰሱ። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጃክ ቫለንቲ በ1982 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ፣ ይህ መሣሪያ ለፊልም ሥራ ብቻዋን ቤት ውስጥ ላለች ሴት አንቆ ገዳይ እንደሆነው ያህል ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጥር 1984፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው በኋላ ለማየት ብሎ ቤቱ መቅዳቱ ጥፋት አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያስ? «ገዳይ» የተባለው መሣሪያ የፊልም ኩባንያዎቹ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ዲቪዲ በኅዳር 1996 ጃፓን፣ በመጋቢት 1997 ደግሞ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ኩባንያዎቹ ለዳኛ የሚተርፍ ነገር መተው አልፈለጉም። ዲስኩን ገና ከፋብሪካው ቆለፉት። ቁልፎቹ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው የፊልሙን መረጃ የሚያዘበራርቅ ምስጢራዊ ኮድ ነው። መፍቻው የሚሰጠው ውል ፈርሞ ለከፈለ የማጫወቻ አምራች ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓለምን በክልል የከፋፈለው ነው። አሜሪካ ክልል 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ክልል 2፣ እኛ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ሆንን።

አስቡት እንግዲህ። እህት ከዋሽንግተን በሰው እጅ የምትልከው ፊልም ክልል 1 ነው። ከዱባይ በሻንጣ የሚመጣው ማጫወቻ ክልል 2። ተቀባዩ ክልል 5። ፊልሙም ሕጋዊ፣ ማጫወቻውም ሕጋዊ፣ ላኪዋም ተቀባዩም ጨዋ ሰዎች፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሚወጣው «አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ነው። ደግነቱ ብዙዎቹ የቻይና ማጫወቻዎች ይህን ድንበር ከቁም ነገር ስላልቆጠሩት ተገላገልን እንጂ! የኮምፒዩተሩ ድራይቭ ግን ጥብቅ ነበር፤ ክልል መቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አምስተኛው ካለቀ እዚያው ላይ ይቆልፋል።

ቁልፉን የሰበረው ወሮበላ ሳይሆን የአሥራ አምስት ዓመት የኖርዌይ ልጅ ነው። ዮን ሌክ ዮሃንሰን ይባላል። ያኔ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው የገዛውን ዲቪዲ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚያይበት ሕጋዊ ፕሮግራም አልነበረውም። አንድ የማጫወቻ ሶፍትዌር መፍቻውን በቅጡ ሳይደብቅ በመቅረቱ ምስጢሩ ተገኘ። ዮሃንሰንና ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ባልደረቦቹ በጥቅምት 1999 ዲሲኤስኤስ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ። በጥር 2000 ፖሊስ ቤቱ ድረስ መጥቶ ኮምፒዩተሮቹን ወሰደ።

ክሱ ሰው ቤት ሰብሮ እንደገባ ዓይነት ነበር፤ የማያገባህን መረጃ ከፍተሃል የሚል። የኦስሎ ፍርድ ቤት ግን በጥር 2003 በነፃ አሰናበተው፤ ይግባኝ ሰሚውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አጸና። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ዲስኩን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ውስጡ ያለውን የማየት መብት አለው። የራስን በር መክፈት ሰብሮ መግባት አይባልም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ1998 የወጣው አዲስ ሕግ የዲጂታል ቁልፍ መስበሪያ ማቅረብን ራሱን ከልክሎ ነበርና፣ በነሐሴ 2000 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት አንድ መጽሔት ፕሮግራሟን እንዳያሰራጭ፣ ወደ ምትገኝበት ድረ ገጽም እንዳይመራ አገደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሰዉ ኮዷን ቲሸርት ላይ አተመ፣ በዜማ አወጣ፣ ግጥም አደረጋት። በ2009 ደግሞ ሪያልኔትወርክስ ያቀረበው፣ ዲቪዲን እንደተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ተራው ደረሰ። ዳኛዋ ሰው ለግሉ መቅዳቱ ምናልባት ተገቢ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ የሚያገለግለውን መሣሪያ መሸጥ ግን ክልክል ነው አሉ። ዶሮ ማረድ ይቻላል፣ ቢላ መሸጥ ግን ወንጀል ነው እንደማለት እኮ ነው!

ከሁሉ የሚገርመው እውነተኛውን ነጋዴ ሌባ ቁልፉ ጨርሶ አለማስቸገሩ ነው። በፋብሪካ ዲስክ የሚያባዛ ሰው ቁልፉን መስበር አያሻውም፤ ግድግዳውንም፣ በሩንም፣ ቁልፉንም እንዳለ ቀድቶ ያትመዋል። ቁልፉ የያዘው ማንን ነው? ደረሰኝ ያለውን።

ይህን የምለው የሌባ ጠበቃ ለመሆን አይደለም። የእኛ አገር ሕመም ሌላ ነበር። የአማርኛ ፊልም ገበያ የለመደው ቪሲዲ በ1993 የተፈጠረ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የሌለው ዲስክ ነው። ተበድሮ ፊልም የሠራ ሰው ሥራው ባዶ ሲዲ ላይ ተገልብጦ ሲቸበቸብ አይቷል፤ ኋላም በፍላሽ እንደ እህል ተሰፍሮ ሲጫን። ያ ተዋናይንም፣ ካሜራማንንም፣ ደራሲንም ከእንጀራው የሚያፈናቅል ነገር ነው። ለዚህም ነው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር) የቅጂ መብትን የጠበቀው። ግን ልብ በሉ፤ ያው አዋጅ አንቀጽ 9 ላይ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል ጉዳዩ በአንድ ቅጂ ማባዛቱን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል፤ የራሱን ገደቦች አስቀምጦ። እኛ በአፋችን ያልለየነውን ወረቀቱ ለይቶታል።

ዛሬ የዲስኩ ዘመን እየመሸ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ድራይቭ የላቸውም፤ ኔትፍሊክስም ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በመስከረም 2023 አቁሟል። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ ይልቅ ባሰበት። ዛሬ «ግዛ» የሚለውን ተጭነን የምናገኘው ፊልም ብዙ ጊዜ የእኛ አይደለም፣ የማየት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ሲነሳ ፊልሙም ይሄዳል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ ሻጮች ይህንን ለደንበኛው በግልጽ እንዲናገሩ አስገድዳለች። እንግዲህ ያ የተጫረ ዲስክ፣ ያ ሃርድ ዲስክ ላይ የተገለበጠ ፊልም፣ ቢያንስ ማንም ከሩቅ መጥቶ የማይወስደው ነበር።

እኔ የምለው ቃሉን እንለየው ነው። ለራስ ሲሆን «መቅዳት»፣ ለገበያ ሲሆን «ማባዛት»። ከገዛ እንስራው የቀዳን ሰው የምንጭ ሌባ አንበለው። ምንጩን ጠልፎ የሚቸረችረውን ደግሞ «ኮፒ አደረገ» በምትል ለስላሳ ቃል አንሸፍንለት።