ከጦር ሜዳ ወደ ቡና አገር፤ የሲ-47 አይሮፕላን ታሪክና የባልሳው ሞዴል

ለጦርነት የተሠራ መሣሪያ ሁሉ በጦርነት አያልቅም። ሲ-47 የተባለው ባለሁለት ሞተር አይሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና ስንቅ ያመላለሰ ሲሆን፣ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ኖርማንዲ ላይ የጃንጥላ ወታደሮችን ያወረደውም እርሱ ነው። ጅማ ግን ያወቀችው በሌላ ሥራው ነው።

የዚህ አይሮፕላን መሠረት የሆነው ዲሲ-3 በመጀመሪያ የበረረው ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፣ ሥራውን የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ 5 የሲ-47 አይሮፕላኖች ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተበረረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅማ የአገር ውስጥ በረራ ተከፈተ። መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ የወታደር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከል ወለሉ ላይ ይታሰራል።

ጅማ ቀድማ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቡና አገር ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። የጭነት መኪና ቀናት የሚፈጅበትን የአዲስ አበባና የጅማ ርቀት አይሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈጽመው ነበር። ከጅማም ባሻገር እንደ ጎሬ፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባሉት ከተሞች በሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ ችሏል። ለዚህ ያበቁት ትላልቅ ጎማዎቹና የክንፉ አሠራር ናቸው። በክንፉ ውስጥ ሸክሙን አንድ ምሰሶ ብቻውን አይሸከመውም፤ ብዙ ትይዩ ምሰሶዎችና የአሉሚኒየሙ ቆዳ ይጋሩታል። አንዱ ቢሰነጠቅ ሌላው ይዞ ይቆያል።

ይህን ጥበብ በሥዕል ከማስረዳት ይልቅ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚበርና በሬድዮ የሚመራ ትንሽ ሞዴል በመሥራት መመርመር ይሻላል። በ1 ለ30 መጠን ሲሠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር የሆነው ክንፍ 97 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመት በ30 ሲካፈል የክንፉ ስፋት በ900፣ ክብደቱ ግን በ27,000 መካፈል አለበት፤ ስለሆነም 11,800 ኪሎ ግራም የነበረው ወደ 440 ግራም ይወርዳል። ሁለቱ ሞተሮች፣ ባትሪው፣ የሬድዮ መቀበያውና የመሪዎቹ ማንቀሳቀሻ ሁሉ በዚህ ውስጥ መግባት ስላለባቸው፣ ለአካሉ የሚቀረው ጥቂት ነው። ፎምና ባልሳ የሚመረጡትም ስለዚሁ ነው።

ባልሳ የመጫወቻ እንጨት ብቻ አይደለም። በዚያው ጦርነት ሞስኪቶ የተባለው የእንግሊዞች የጦር አይሮፕላን ግድግዳው የተሠራው በሁለት ስስ ጣውላዎች መካከል ባልሳ ተደርጎ ነበር። በሞዴሉ ግን ተራው ይገለበጣል፤ መካከሉን የሚይዘው ፎም ሲሆን፣ የባልሳ ዘንጎች በክንፉ ላይኛና ታችኛ ገጽ ይለጠፋሉ። በበረራ ጊዜ የላይኛው ዘንግ ይጨመቃል፤ የታችኛው ይወጠራል፤ ፎሙ ሁለቱን አራርቆ ያቆማቸዋል። አንዳንድ ማጣበቂያ ነጩን ፎም ስለሚያቀልጠው የእንጨት ነጭ ኮላ ይበጃል። የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ከክንፉ አማካይ ወርድ የፊተኛው ሩብ አካባቢ እንዲያርፍ ባትሪው ወደ አፍንጫው ይገፋል። ይህ ሕግ የቡና ጆንያ የሚጭነውን ሠራተኛም ይገዛው ነበር፤ ጆንያው ወደ ኋላ ከበዛ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሣና ሚዛኑን ያጣል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። በዚህ የተነሣ ያው ሞዴል በአየር ላይ ለመቆየት በ9 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ኃይሉ በከፍታ አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ ግን የሚገፋው አየር ስለሚሳሳበት በመጠኑ ሰፋ ማለት አለበት። በውጭ አገር የተዘጋጀን ንድፍ እንዳለ የሚገለብጥ ሠሪ ይህን ልዩነት የሚማረው ሞዴሉ ከሜዳው አልነሣ ሲለው ነው።

የሲ-47 ዘመን በአገር ውስጥ በረራ ካበቃ ቆይቷል። በጭቃና በሣር ሜዳ ላይ ያሳረፉት፣ የጫኑትና የጠገኑት ባለሙያዎች ያካበቱት እውቀት ግን በአብዛኛው በቃል ያለ ነው፤ የቃል እውቀት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶች ለሬድዮውና ለበረራው የሚያስፈልገውን ፈቃድ አግኝተው ይህን ሞዴል ቢሠሩ፣ ለአዛውንቶቹ የሚያቀርቡት ጥያቄ ከእጃቸው ሥራ የመነጨ ይሆናል። ጆንያው የት ይታሰር እንደነበር በሚገባ የሚጠይቅ፣ ባትሪውን የት እንደሚያኖር የተቸገረ ሰው ነው።